ጣይቱ ብጡል

እቴጌ ጣይቱ ብጡል፣ በማዕረግ ስማቸው ብርሃን ዘኢትዮጵያ፣ የዳግማዊ ዓፄ ምኒልክ ባለቤትና ከ1882 ዓ.ም. ጀምሮ የኢትዮጵያ እቴጌ ነበሩ። በአባታቸው በኩል ከስሜን ገዥዎች ቤተሰብ ይወለዳሉ። ስማቸው ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከውጫሌ ውልና ከዐድዋ ጦርነት ጋር ቢሆንም፣ የአዲስ አበባ ቆርቋሪም ናቸው። ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ በፍል ውኃው ዙሪያ የነበረው መስክ የመኖሪያ፣ የገበያ፣ የቤተ ክርስቲያንና የእንግዳ ማረፊያ ከተማ እንዲሆን መሠረቱን የጣሉት እርሳቸው ናቸው። የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. በእንጦጦ ዐረፉ።

ትውልድና ቤተሰብ

ጣይቱ የተወለዱት በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ነው። አባታቸው ራስ ብጡል ኃይለ ማርያም፣ እናታቸው ወይዘሮ የውብዳር ይባላሉ። ራስ ብጡል የስሜኑ ባላባት የደጃዝማች ኃይለ ማርያም ገብሬ ልጅ ሲሆኑ፣ የታወቁት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ወንድማቸው ናቸው። ቤተሰቡ ትውልዱን ከጎንደር ነገሥታት ዘር ይቆጥር ነበር፤ ከየጁ መሳፍንትም ጋር በጋብቻ የተሳሰረ ነበር።

የዚህ ቤተሰብ ኃይል የተመሠረተው በስሜን ተራሮችና በግርጌያቸው ባለው አገር ላይ ነው። ከጎንደር ወደ ሰሜን የሚሄደው የነጋዴዎች መንገድ በወገራ ደጋ፣ ዛሬ ዳባትና ደባርቅ ባሉበት አገር አልፎ በሊማሊሞ ገደል ይወርድና ተከዜን ተሻግሮ ወደ ትግራይና ወደ ምጽዋ ይዘልቅ ነበር። ከባሕር የሚመጣ ጨርቅ፣ ጠመንጃና ዕቃ በዚህ በኩል ይገባል፤ ከመሀል አገር የሚወጣውም በዚሁ ይወጣል። ስለዚህ ስሜንን የያዘ ገዥ ምሽግ የሚሆን ተራራም የንግድ በርም ነበረው። ደጃዝማች ውቤ በ1820ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ስሜንን ከአባታቸው ወረሱ፤ የትግራዩ ደጃዝማች ሰባጋዲስ ከሞቱ በኋላም ግዛታቸውን ወደ ትግራይ አሰፉ። አቡነ ሰላማን ከግብፅ ያስመጡትም እርሳቸው ናቸው።

ውቤ በጃናሞራ ደረስጌ ላይ የማርያምን ቤተ ክርስቲያን አሠሩ። በሥራው ላይ በአገልግሎታቸው የነበረው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ዛንደር ተሳትፏል። ውቤ ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት ራሳቸው ሊነግሡበት አስበው ነው ይባላል። ነገር ግን በየካቲት 1847 ዓ.ም. የቋራው ካሣ ኃይሉ በደረስጌ ጦርነት አሸነፏቸውና፣ ከሁለት ቀን በኋላ በዚያው በደረስጌ ማርያም በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ዓፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ውቤ ታሰሩ፤ የስሜን ቤተሰብ አገዛዝም አበቃ። የውቤ ልጅ ጥሩወርቅ የዓፄ ቴዎድሮስ ሚስትና የልዑል ዓለማየሁ እናት ሆነች። ጥሩወርቅ ለጣይቱ የአጎት ልጅ ናት።

ልጅነት

ራስ ብጡል በጦርነት ቆስለው ሲሞቱ ጣይቱ ገና ሕፃን ነበሩ። እናታቸው በጎጃም ከደብረ መዊ ገዳም አስተዳዳሪ ጋር ስለተጋቡ፣ ጣይቱ ከወንድሞቻቸውና ከእኅታቸው ጋር የልጅነት ዘመናቸውን በዚያ አሳለፉ። በዚያ ዘመን ሴት ልጅን ማስተማር ያልተለመደ ቢሆንም፣ ጣይቱ ማንበብና መጻፍን ተምረዋል፤ ግእዝም ያውቁ ነበር። በገና መደርደርና ሰንጠረዥ መጫወትም ይችሉ እንደነበር ይነገራል። የቤተ ክህነት ትምህርቱ በኋላ በቤተ መንግሥት ሲኖሩ የሚላኩ ደብዳቤዎችንና ውሎችን በራሳቸው ዓይን ለመመርመር ጠቀማቸው።

ጋብቻና ወደ ሸዋ መምጣት

ጣይቱ ከምኒልክ በፊት ከሌሎች ባሎች ጋር ኖረዋል። በ1875 ዓ.ም. በፋሲካ፣ በአንኮበር መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን የሸዋውን ንጉሥ ምኒልክን በቁርባን አገቡ። ጋብቻው የሁለት ሰዎች ብቻ አልነበረም። ምኒልክ በዚህ በኩል ከስሜን፣ ከጎንደርና ከየጁ መኳንንት ጋር ተዛመዱ። የጣይቱ ወንድም ራስ ወሌ ብጡል የየጁ ገዥ ሆኑ፤ የራስ ወሌ ልጅ ራስ ጉግሣ ወሌም በኋላ የምኒልክን ልጅ ዘውዲቱን አገቡ። የሸዋ መኳንንት ግን ይህን የሰሜን ሰዎች መብዛት በበጎ አላዩትም፤ ቅሬታው ከብዙ ዓመት በኋላ በጣይቱ ላይ ተመለሰ።

ከእንጦጦ ወደ ፍል ውኃ

ጣይቱ ሸዋ ሲመጡ ምኒልክ መቀመጫቸውን ወደ እንጦጦ በማዛወር ላይ ነበሩ። እንጦጦ ለጦር ጥሩ ቦታ ነው፤ ከላዩ ሆኖ አገሩን ሁሉ ማየት ይቻላል፣ ለጠላት መውጫውም ከባድ ነው። ለከተማ ግን አይመችም ነበር። ብርዱና ነፋሱ ይበረታል፤ በክረምት መብረቅ ይመታል፤ ውኃና ማገዶ ከሩቅ ይመጣል፤ ስንቅ የጫነ አጋሰስም ዳገቱን መውጣት አለበት።

ከተራራው ግርጌ ፊንፊኔ የሚባል የፍል ውኃ ምንጭ ነበር። ቤተ መንግሥቱ ለመታጠብና ለሕክምና ወደዚያ ይወርድ ነበር። ምኒልክ ለሐረር ዘመቻ በወጡበት በ1879 ዓ.ም. ጣይቱ በፍል ውኃው አጠገብ ሰፍረው ሳሉ ቦታውን ወደዱት፤ ከምንጩ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ ቤት እንዲሠራላቸው አደረጉ፤ ሠፈሩንም አዲስ አበባ አሉት። ስሙ በዚያ ካዩት አበባ የመጣ መሆኑ በዘመኑ በተጻፈው የምኒልክ ታሪክ ይነገራል። ከዘመቻው የተመለሱት ምኒልክም ተስማሙ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቤተ መንግሥቱ ከእንጦጦ ወደዚህ ወረደ።

መስኩ ግን ባዶ አልነበረም። የቱለማ ኦሮሞ ጎሣዎች፣ ከነርሱም የጉለሌ፣ የገላንና የየካ ሰዎች ይኖሩበትና ከብቶቻቸውን ያሰማሩበት ነበር፤ የማዕድን ውኃውንም ከብቶቻቸው ይጠጡት ነበር። ከተማው በተስፋፋ ቁጥር ግጦሹና እርሻው ለመኳንንት፣ ለወታደሮችና ለአብያተ ክርስቲያናት ተመራ። ነባሮቹ ከፊሎቹ ከቦታቸው ተነሡ፣ ከፊሎቹም በአዲሶቹ ባለቦታዎች ሥር ገቡ። ፊንፊኔ የሚለው ስም እስከ ዛሬ መኖሩና የከተማው መሬት ጥያቄ አሁንም መነሣቱ መነሻው ይህ ነው።

የከተማው አሠፋፈር

አዲስ አበባ በፕላን የተሠራ ከተማ አልነበረም፤ አሠፋፈሩ የተወሰደው ከጦር ሠፈር ነው። በዘመቻ ጊዜ የንጉሡ ድንኳን በመካከል ይተከላል፤ መኳንንቱም በማዕረጋቸው በቀኝ፣ በግራ፣ በፊትና በኋላ ይሰፍራሉ። በከተማውም ቤተ መንግሥቱ በኮረብታው ላይ ሆነ፤ ለእያንዳንዱ መኰንን ደግሞ በዙሪያው ቦታ ተመራለት። መኰንኑ በተመራው ቦታ ከፍታ ላይ ግቢውን ያጥራል፤ ወታደሮቹ፣ አሽከሮቹና የእጅ ሠራተኞቹ በዙሪያው ጎጆ ይቀልሳሉ። ራስ መኰንን፣ ራስ ብሩና ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ በስማቸው ሠፈር የተጠራላቸው በዚህ መንገድ ነው። ደጃች ውቤ ሠፈር ግን የተሰየመው በሌላ ሰው፣ በደጃዝማች ውቤ አጥናፍ ሰገድ ስም እንጂ በስሜኑ ውቤ አይደለም።

ይህ አሠራር ሁለት ውጤት ነበረው። አንደኛው፣ እያንዳንዱ ሠፈር ሁሉን ነገር በአንድ ላይ የያዘ ነበር፦ የጌታው አዳራሽ፣ የድሃው ጎጆ፣ የጠጅ ቤቱ፣ የአንጥረኛው ደጅ፣ የከብቱ በረት። ሀብታምና ድሃ በተለያየ ወገን አልተከፈሉም። ሁለተኛው፣ በሠፈርና በሠፈር መካከል ወንዞች፣ ሸለቆዎችና ሰፊ ክፍት መስኮች ቀሩ። በኋላ ከተማው ሲያድግ እነዚህ ክፍት ቦታዎች በቤት ተሞሉ። በ1910 (እ.ኤ.አ.) አካባቢ የነዋሪው ብዛት 65,000 ያህል እንደነበር ይገመታል። በ1907 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ የከተማ ቦታን የሚመለከት ሕግ ወጣ፤ ቦታን በባለቤትነት መያዝ፣ መሸጥና ማውረስ በሕግ መልክ ያዘ።

የከተማው ሌላ ማዕከል አራዳ ነበር። ከቤተ መንግሥቱ በስተምዕራብ፣ በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ትልቁ ገበያ ይቆማል፤ እህል፣ ጨው፣ በቅሎ፣ ቡናና ጨርቅ ይሸጥበታል። የአርመን፣ የግሪክና የሕንድ ነጋዴዎችም ሱቅ የከፈቱት በዚያው ነው። ገበያው በኢጣልያ ወረራ ዘመን ወደ መርካቶ ሲዛወር፣ አራዳ ፒያሳ የሚለውን ስም ያዘ።

ግቢው፣ ውኃውና ማገዶው

ጣይቱ የቤተ መንግሥቱን ጓዳ በራሳቸው ይመሩ ነበር። ጓዳ ማለት በዚያ ዘመን የቤት ጣጣ ብቻ አልነበረም። በግብር ቀን በሺህ የሚቆጠር ወታደር በአዳራሹ ተራ በተራ ገብቶ ይበላል፤ ለዚህ የሚሆነው እህል፣ ማር፣ ቅቤ፣ በርበሬና ሰንጋ ከየአውራጃው መምጣት አለበት። የምኒልክ መንግሥት ታማኝነትን የሚያገኘው በከፊል በዚህ ግብር ነበርና፣ ጓዳውን የያዘ ሰው የመንግሥቱን አንድ ቁልፍ ይዟል። የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሲመረቅ ጣይቱ ያዘጋጁት የብዙ ቀን ግብር በታሪክ ተጽፎ ቀርቷል።

ቤተ መንግሥቱ በ1892 (እ.ኤ.አ.) በእሳት ተቃጥሎ እንደገና ተሠራ። ከጥቂት ጊዜ በኋላም የስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ምንጭ በቧንቧ ውኃ ወደ ግቢው አወረደ። የማገዶ ችግር ግን የከተማውን ሕልውና እስከ መፈታተን ደረሰ። በዙሪያው የነበረው ደን በጥቂት ዓመታት ተመንጥሮ አለቀ፤ ምኒልክም ዋና ከተማውን ወደ ምዕራብ፣ ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ ሥራ አስጀመሩ። አዲስ አበባን ያዳናት በ1890ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከውጭ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ቶሎ ያድጋል፤ ተቆርጦም እንደገና ያቆጠቁጣል። ባሕር ዛፉ በየግቢውና በእንጦጦ ጎን ሲተከል ዋና ከተማውን የማዛወሩ አሳብ ቀረ፤ በአዲስ ዓለም የተጀመረው ቤተ መንግሥትም ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

ውጫሌና ዐድዋ

ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ሲነግሡ፣ ጣይቱ ከሁለት ቀን በኋላ እቴጌ ተብለው ዘውድ ጫኑ። በዚያው ዘመን ከኢጣልያ ጋር በተደረገው የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ የአማርኛውና የኢጣልያንኛው ቃል ተለያይቶ መገኘቱ ክርክር አስነሣ። የኢጣልያንኛው ቅጂ ኢትዮጵያ ከሌሎች መንግሥታት ጋር የምትገናኘው በኢጣልያ በኩል እንዲሆን ያስገድድ ነበር። ጣይቱ በዚህ ጉዳይ ላይ ከማንም በላይ ጽኑ አቋም ያዙ፤ የኢጣልያን መልእክተኛ ፊት ለፊት ተከራከሩ።

ጦርነቱ ሲመጣ የራሳቸውን ጦር ይዘው ዘመቱ። በመቀሌ የእንዳ ኢየሱስ ምሽግ በተከበበ ጊዜ፣ በውስጡ የነበረው የኢጣልያ ጦር የሚጠቀምበት የውኃ ምንጭ እንዲያዝ ያሳሰቡት ጣይቱ ናቸው። ምንጩ ሲያዝ ምሽጉ በጥር 1888 ዓ.ም. ተለቀቀ። የካቲት 23 ቀን በዐድዋ ውጊያም በግንባር ተገኝተው ወታደሩን አበረታቱ፤ ለቁስለኛውም ውኃ እንዲዳረስ አደረጉ።

እቴጌ ሆቴል

ከዐድዋ ድል በኋላ ብዙ አገሮች በአዲስ አበባ ሌጋሲዮን ከፈቱ፤ ነጋዴዎች፣ መልእክተኞችና መንገደኞችም በረከቱ። እስከዚያ ድረስ እንግዳ የሚያርፈው በድንኳን ወይም በመኳንንት ግቢ ነበር። የባቡሩ ሐዲድ ገና ድሬዳዋ ላይ ነበርና፣ ወደ ዋና ከተማው የሚመጣ ሰው ቀሪውን መንገድ በበቅሎ ይጓዛል። ጣይቱ ከአራዳ ገበያና ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በታች የአገሪቱን የመጀመሪያ ዘመናዊ ሆቴል አሠሩ፤ በ1900 ዓ.ም. አካባቢም ሥራ ጀመረ። ሰፊ የእንጨት ሰገነት ያለው፣ ፎቅ ቤት ነው።

ሆቴሉ በዘመኑ አዲስ ነገር ያመጣው በሕንፃው ብቻ አልነበረም። ምግብንና ማረፊያን በገንዘብ መሸጥ ለመኳንንት እንደ ውርደት ይቆጠር ነበር፤ እንግዳ ይስተናገዳል እንጂ አይከፍልም። እቴጌይቱ ራሳቸው ሆቴል በመክፈታቸው ንግድና የእጅ ሥራ የተናቀ ይሆን ዘንድ እንደማይገባ በተግባር አሳዩ። ምኒልክም ሆቴሉን ለማስለመድ መኳንንቱን እየጋበዙ ይበሉበት እንደነበር ይተረካል። በኢየሩሳሌምም ጣይቱ ያሠሩት ሕንፃ አለ፤ ይህ ሕንፃ ከብዙ ጊዜ በኋላ የእስራኤል ሬዲዮ መሥሪያ ቤት ሆኖ አገልግሏል።

ከሥልጣን መውረድ

ከ1898 ዓ.ም. በኋላ የምኒልክ ጤና እየታወከ ሄደ። ንጉሠ ነገሥቱ መሥራት ሲያቅታቸው ጣይቱ ሹመትና ሽረቱን ያዙ፤ ዘመዶቻቸውንና የሰሜን መኳንንትን በቁልፍ ቦታዎች ሾሙ፤ አልጋ ወራሽ ከተባሉት ከልጅ ኢያሱ ይልቅም ለዘውዲቱና ለባላቸው ለራስ ጉግሣ ወሌ ወገን ያደላሉ ተብለው ተጠረጠሩ። የሸዋ መኳንንት በመጋቢት 1902 ዓ.ም. ተባብረው በመንግሥት ሥራ እንዳይገቡ አገዷቸው፤ ሥራቸው ንጉሠ ነገሥቱን ማስታመም ብቻ እንዲሆን ተወሰነ። ራስ ተሰማ ናደው እንደራሴ ሆነው መንግሥቱን ያዙ።

የመጨረሻ ዘመናት

ዓፄ ምኒልክ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። ጣይቱ ከቤተ መንግሥቱ እንዲወጡ ተደረገና ወደ እንጦጦ ማርያም ሄዱ። የቆረቆሩትን ከተማ ከተራራው ላይ ቁልቁል እያዩ የቀረ ዕድሜያቸውን በጸሎት አሳለፉ። ልጅ ኢያሱ በ1909 ዓ.ም. ወርደው ዘውዲቱ ሲነግሡ ሁኔታቸው ለጥቂት ጊዜ ቢሻሻልም ሥልጣን አልተመለሰላቸውም። በ1910 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ወደ ጎንደር ሄደው ዕድሜያቸውን በአባቶቻቸው አገር እንዲጨርሱ ፈቃድ ጠየቁ፤ አልተፈቀደላቸውም። ከሦስት ወር ያህል በኋላ፣ የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. ዐረፉ። ዐፅማቸው ዛሬ በአዲስ አበባ በበዓታ ለማርያም ገዳም፣ በታእካ ነገሥት፣ ከዓፄ ምኒልክ አጠገብ ይገኛል። ከምኒልክ ልጅ አልወለዱም።

መታሰቢያ

የጣይቱ ስም በቆረቆሩት ከተማ ውስጥ በሁለት ቦታ ጎልቶ ይታያል፤ አንዱ የፍል ውኃው አካባቢ፣ ሌላው ፒያሳ ያለው ሆቴል ነው። ጣይቱ ሆቴል በጥር 2007 ዓ.ም. በእሳት ተጎድቶ ታድሷል። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሥራ በፒያሳና በዙሪያው ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰው ነዋሪዎች ወደ ሌላ ሠፈር ሲዛወሩ፣ በምኒልክና በጣይቱ ዘመን የተመሠረተው የድሮው አራዳ መልክ በእጅጉ ተለወጠ። ደጋፊዎች ያረጀና በአግባቡ ያልዋለ መሬት ለመንገድ፣ ለመናፈሻና ለአዲስ ሕንፃ መዋሉን ያነሣሉ፤ ተቺዎች ደግሞ ሀብታምና ድሃ፣ ሱቅና መኖሪያ አብረው የኖሩበት የሠፈር ኑሮ መበተኑን። የከተማው መሬት ለማን ይመራ፣ ነባሩ ነዋሪስ ወዴት ይሂድ የሚለው ጥያቄ በ1879 ዓ.ም. በፍል ውኃ ዳር ከተነሣው ጋር ይመሳሰላል።

በስሜን በኩል የቤተሰቡ መታሰቢያ ደረስጌ ማርያም ነው። ቤተ ክርስቲያኑ በስሜን ተራሮች ወገን በጃናሞራ ይገኛል። የድሮው የነጋዴ መንገድ ያልፍበት የነበረው ደባርቅ ዛሬ የሰሜን ጎንደር ዞን ዋና ከተማና የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ ነው፤ ዳባትም በዚያው መንገድ ላይ፣ ከደባርቅ በስተደቡብ ትገኛለች። ጣይቱ በመጨረሻ ሊመለሱበት ፈልገው የተከለከሉት አገር በዚህ መንገድ ይደረሳል።